የምን እንጨት? የስንት እሳት?

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰል የሚሸጠው በምን እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በማዳበሪያ ነው። ጆንያውን ማለቴ ነው። ዳፕ ወይም ዩሪያ ተሞልቶበት ወደ ገጠር የሄደ ከረጢት፣ ማዳበሪያው ማሳ ላይ ተበትኖ ሲያልቅ ከሰል ይሞላበትና ወደ ከተማ ይመለሳል። ስሙ ግን አብሮት ይቀራል። «አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት ገባ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ማንም ግራ አይገባውም።

እኔ ይህችን አነጋገር እንደ ቀልድ ብቻ አላያትም። ከገጠር እንጨት ከሰል ሆኖ ይወጣል፤ ወደ ገጠር ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማዳበሪያ ይገባል። ከረጢቱ ሁለቱንም ጉዞ ያውቀዋል። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የዓለም የአፈር ተመራማሪዎች «ከሰሉ ራሱ ለአፈር ቢሰጥስ?» ማለት ጀምረዋል። ስሙንም ባዮቻር ብለውታል። እንጨት፣ ገለባ፣ እበት ወይም አጥንት አየር ባጠረው እሳት ከስሎ፣ ለምድጃ ሳይሆን ለአፈር ሲውል ማለት ነው። ሐሳቡ ወደ እኛም መጥቷል፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ይሞከራል፣ በፕሮጀክት ሰነዶች ላይ ይጻፋል።

ችግሩ ከሰል የሚባል አንድ ነገር አለመኖሩ ላይ ነው። ከሰል ሁሉ ጥቁር ስለሆነ አንድ ይመስለናል እንጂ፣ ከምን እንደተሠራና በስንት ዲግሪ እንደከሰለ ካልተጠየቀ ለአፈር መድኃኒት ይሁን ሸክም መለየት አይቻልም። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ የእንጦጦን ታሪክ እንደገና ሳየው፣ ብዙ ጊዜ የሰማነው የከተማችን ታሪክ ሌላ መልክ ያዘብኝ።

ጽዱ ያለቀበት ተራራ

ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ ቦታው ለምሽግ የተመቸ ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን ማየት ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ተራራው ግን ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ ማገዶ ይበላል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከታች ፍልውኃው አካባቢ ቤት አሠርተው ስፍራውን «አዲስ አበባ» ያሉት የታወቀ ነው። ወደ ታች ለመውረድ ብርዱም፣ ፍልውኃውም ምክንያት ተደርገው ይጠቀሳሉ። የማገዶ እጥረቱም ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል።

አስቡት እንግዲህ። የንጉሥ ከተማ ማለት ሠራዊት ነው፣ አጋፋሪ ነው፣ ጠጅ ጣይ ነው፣ እንጀራ ጋጋሪ ነው፣ ቀጥቃጭ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ በየቀኑ እሳት ያነዳል። የሚነደውም የደጋው ጽድና ወይራ ነበር። ወይራ እጅግ ከባድ እንጨት ነው፤ ፍሙ ይቆያል። ነገር ግን ወይራና ጽድ ለማደግ የሰው ዕድሜ ያህል ይፈጅባቸዋል። ከተማ አንድ ጫካ ለመጨረስ ያን ያህል ጊዜ አያስፈልጋትም።

በቀድሞው ልማድ መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ማገዶው ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። ሐሳቡ ተለወጠና ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች።

ያስቀራት ምንድን ነው? ከምክንያቶቹ ዋነኛው አንድ ዛፍ ነው። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ በ1887 ዓ.ም. ገደማ አመጣው የሚባለው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ከተማዋ በነጭ ባሕር ዛፍ ተከበበች፤ እንጦጦም አረንጓዴ ሆነ።

ታሪኩን አብዛኞቻችን የምናቆመው እዚህ ላይ ነው። ለእኔ ግን ጥያቄው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከተማዋ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የምታነደውን ነገር ከሥሩ ለወጠች። ከወይራና ከጽድ ወደ ባሕር ዛፍ ተሸጋገረች። እንጨቱ ሲለወጥ እሳቱም፣ ከሰሉም፣ አመዱም፣ ተራራው ላይ የቀረው አፈርም አብሮ ይለወጣል።

የወረደው ሁሉ አልተመለሰም

ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ስለሆነ ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ። ወር በገባ በ16 ነጠላ የለበሰ ሰው ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሽቅብ ሲወጣ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ደግሞ በዚያው ሰዓት ቁልቁል ይወርዳሉ። ሸክሙ ከጀርባቸው አልፎ መንገዱን ወደ ጎን ይዘጋዋል። 30 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል፣ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግር። ከጥበቃ ጋር ግብግቡ፣ ከወገብ ሕመሙ ጋር፣ ይህ ሁሉ የአንድ ቀን እንጀራ ነው። በ1980ዎቹና ከዚያ በፊት ስለ እነዚህ ሴቶች ጥናት ተጠንቷል፤ ከሸክሙ ወጥተው ሽመና የጀመሩ የቀድሞ እንጨት ለቃሚዎች ማኅበርም እንጦጦ ግርጌ ተቋቁሟል። ሸክሙ ግን ጨርሶ አልቀረም።

ብዙዎቻችን የምናየው የሴቶቹን ድካም ነው፤ መታየትም አለበት። እስቲ የሸክሙን ይዘት ደግሞ እንየው። ግንዱን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው። ለእነርሱ የሚተርፈው ጭራሮና የወደቀ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ለምጣድ ይፈለጋል። ነገር ግን በዛፍ ውስጥ ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በብዛት የሚገኘው ቅጠሉና ቀጭኑ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ግንዱ በአብዛኛው ካርቦን ነው። ስለዚህ ከተማዋ ከእንጦጦ ግንዱን ብቻ ሳይሆን የአፈሩን ምግብም ለመቶ ዓመት ስታወርድ ኖራለች። ቅጠሉ የተጠረገበት መሬት ዝናብ ሲመታው የሚከላከልለት የለም። አመዱስ የት ሄደ? ወደ ቆሻሻ፣ ወደ ቦይ፣ ወደ ቀበና ወንዝ። ሽቅብ የተመለሰ የለም።

ይህን ያህል እንጨት ለቃሚ ያለው ተራራ ሥር ሆነን እንኳ ምርጡን ከሰል የምናስመጣው ከሩቅ ነው። ከሰል የምገዛባቸው እናት ይህን በደንብ ያውቁታል። አንድ ቀን ሁለት ከሰል አንስተው እርስ በርሱ አጋጩና «ነይ ስሚው» አሉኝ። እንደ ሸክላ ሲንን አለ። «ይሄ የግራር ነው፣ በስሏል። ይሄኛው ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው፣ ቶሎ ያልቅብሻል።» ከዚያ ከማዳበሪያው ሥር ወደ ቡናማ የሚያደላ አንድ ቁራጭ አወጡ፤ ሲመቱት ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። «ይሄ ጥሬ ነው። እንጨት ነው ገና። ቡና ላይ ካደረግሽው እንግዳሽን ታስለቅሻለሽ።»

በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም ጥያቄ መለሱ፦ የምን እንጨት፣ የስንት እሳት።

የጌሾ ዘመድ

እኚህ እናት በጆሮ የለዩትን ነገር በሚዛንና በቴርሞሜትር ለመለየት የሞከረ አንድ ፈረንሳዊ ነበር። ስሙ አንሪ ቪዮሌት ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይ ኤስከርድ በሚባል ቦታ በነበረው የባሩድ ፋብሪካ ኃላፊ ነበር። ባሩድ ከሦስት ነገር ይሠራል፦ ከጨው ፒተር፣ ከድኝና ከከሰል። ሁለቱ ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ ከሰሉ ግን አንድ ቀን ጥሩ፣ አንድ ቀን መጥፎ ይሆናል። መንግሥት ደግሞ የማይተኩስ ባሩድ አይፈልግም።

ቪዮሌት ለሙከራው የመረጠው ቡርዴን የሚባል ቁጥቋጦ ነው። ባሩድ ሠሪዎች ይወዱት ነበር። የሚገርመው ይህ ተክል የእኛ ጌሾ ዘመድ ነው፤ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ይህንን እንጨት ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ እሳቱን ቀስ በቀስ እየጨመረ አከሰለው፤ በየደረጃውም መዘነ። ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት በ300 ዲግሪ 33 ኪሎ ገደማ ከሰል ይገኛል። በ350 ዲግሪ 30 ገደማ። በ430 ዲግሪ አካባቢ 19 ገደማ ብቻ። ከዚያ በኋላ እሳቱን ወደ 1,000 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቢያሳድገውም ክብደቱ ብዙም አልቀነሰም። በአንጻሩ የሚቀረው ነገር እየጠራ ይሄዳል፤ በ300 ዲግሪ ከከሰለው ውስጥ ካርቦኑ 73 በመቶ ገደማ ሲሆን በ430 ዲግሪ 82 በመቶ ገደማ ደርሷል። ከዚህ በተጨማሪ በርካታ የእንጨት ዓይነቶችን በአንድ ዓይነት ሙቀት እያከሰለ አወዳደረ፤ እኩል የሆነ ውጤት አላገኘም።

ምን እየሆነ መሰላችሁ? እንጨት በዋናነት ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። ሄሚሴሉሎስ የሚባለው ደካማው ነው፤ ከ220 ዲግሪ ጀምሮ ይፈርሳል። ሴሉሎስ ይከተላል፤ ከ315 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ይሄዳል። ሊግኒን፣ እንጨትን እንጨት ያደረገው ሙጫ፣ ግትር ነው፤ ቀስ እያለ እስከ ብዙ መቶ ዲግሪ ይቆያል። ስለዚህ ሊግኒን የበዛበት ጠንካራ እንጨት ብዙ ከሰል ይተዋል። ገለባና ቅጠል ግን አብዛኛው አካላቸው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው ውስጥ ደግሞ አመዱ ይበዛል።

የእኛ ከሰል አክሳዮች ቴርሞሜትር የላቸውም፤ ጭስ ግን አላቸው። እንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይሸፈናል፣ በአንድ በኩል ይለኮሳል። መጀመሪያ ነጭ ወፍራም ጭስ ይወጣል፤ እሱ ውኃው ነው። ቀጥሎ ቢጫ የመሰለ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይመጣል፤ እንጨቱ እየፈረሰ ነው። በመጨረሻ ስስ ሰማያዊ ሲሆን ከሰሉ ደርሷል ማለት ነውና ቀዳዳው ቶሎ መደፈን አለበት፤ ካልተደፈነ አመድ ነው የሚቀረው። አንዱ ክምር ውስጥ ግን ሙቀቱ እኩል አይደለም። የላይኛው በደንብ ሲበስል የታችኛው ጥሬ ይቀራል። እናትየው ከማዳበሪያው ሥር ያወጡት ቡናማ ቁራጭ የመጣው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው። በዚህ ባህላዊ ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ ከእንጨቱ ክብደት ከአምስት አንዱ እንኳ ከሰል ሆኖ አይወጣም።

አንድ ነገር በመሐል፦ በደንብ የበሰለ ከሰል አይጨስም ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በር ዘግታችሁ ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ።

ጥቁሩ ለምን ይቆያል?

ባሩድን ትተን ወደ ብራና እንምጣ። በአብያተ ክርስቲያናታችን ያሉ የብራና መጻሕፍት የተጻፉበት ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ከጥላሸት፣ ካረረ እህልና ከመሳሰለው ተፈጭቶና ተቦክቶ በጸሐፊው እጅ የሚሰናዳ። ብራናው ሲጠወልግ፣ ዳሩ ሲበላ፣ ጽሑፉ እንደጠቆረ ይኖራል። ገብስ አፈር ውስጥ ብትጥሉት በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል። ያው ገብስ ካረረ በኋላ ግን ረቂቅ ተሕዋስያን ሊበሉት ይቸገራሉ።

ምክንያቱ እሳቱ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከእንጨቱ ይወጣሉ፤ የቀሩት የካርቦን አቶሞች ደግሞ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ቀለበት ይሰካካሉ። ቀለበቱ በበዛ ቁጥር ለመፍረስ ያስቸግራል። በ300 ዲግሪ የከሰለ ነገር ገና በከፊል ምግብ ነው፤ የተወሰነው ክፍሉ በጥቂት ዓመት ይበሰብሳል። በ500ና በ600 ዲግሪ የከሰለ እንጨት ግን አፈር ውስጥ ለመቶዎች ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአማዞን ደን ውስጥ ቴራ ፕሬታ የሚባል ጥቁር አፈር አለ። ዙሪያው ያለው አፈር ቀይ፣ አሲዳማና ድሃ ሆኖ ሳለ፣ የጥንት ነዋሪዎች ከሰል፣ አጥንትና የምግብ ትርፍራፊ የጣሉበት መሬት ዛሬም ለም ነው። የሆላንዱ የአፈር ተመራማሪ ዊም ሶምብሩክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ትኩረት ሰጠው፤ የዛሬው የባዮቻር ምርምር ከዚያ ነው ብዙ የወሰደው። ልብ በሉ ግን፤ ቴራ ፕሬታ ከሰል ብቻ አይደለም። ከሰሉ ከአጥንትና ከጓዳ ጥራጊ ጋር ነው። የትኛውም ከሰል ብቻውን ያን ተአምር አይሠራም።

ለማን አፈር?

አሁን ሁለቱን ጥያቄዎች ወደ አገራችን ማሳ እንውሰዳቸው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደሆነ ይነገራል። አሲዳማ አፈር ላይ ማዳበሪያ ብትጨምሩበት ፎስፈረሱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ተክሉ ጋ አይደርስም። የተለመደው መድኃኒት ኖራ ነው፤ ኖራ ግን ከባድ ነው፣ ማጓጓዣው ውድ ነው። ከሰል አመድ ስላለው ኖራ የሚሠራውን በከፊል ይሠራል። በከፊል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱም እንደ ከሰሉ ይለያያል።

ጅማ ላይ ተመራማሪዎች የቡና ገለፈትንና የበቆሎ ቆረቆንዳን በ350ና በ500 ዲግሪ አክስለው አወዳድረዋል። የዚህ ዓይነት ሙከራዎች በየአገሩ የሚያሳዩት አቅጣጫ አንድ ነው፦ ሙቀቱ ሲጨምር የሚገኘው ከሰል ያንሳል፤ አመዱ፣ ፒኤቹና ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው የውስጥ ገጹ ግን ይጨምራሉ። የቡና ገለፈት ፖታሲየም የበዛበት ነው፤ እንጨት ደግሞ ካርቦኑ ይበዛል፣ ማዕድኑ ያንሳል። አጥንት ከሁሉም የተለየ ነው፤ ከሰሉ በካልሲየምና በፎስፈረስ የተሞላ ነው።

ኩበትን ደግሞ አስቡ። ደጋው ላይ ማገዶ ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ አፈሩን ሊመግብ የነበረው ነገር ምድጃ ውስጥ ገብቶ ናይትሮጅኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አየር ባጠረው ዝቅተኛ እሳት፣ በ300 እና በ350 ዲግሪ አካባቢ ቢከስል ከናይትሮጅኑ የተወሰነው ይተርፋል። እሳቱ ወደ 600 ካለፈ አብዛኛው ይጠፋል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን ይቀራሉ። አያችሁ፣ ለእንጨት የሚበጀው እሳትና ለኩበት የሚበጀው እሳት አንድ አይደለም።

አፈሩም ይለያያል። ለአዊ ቀይ አሲዳማ አፈር የሚስማማ አመድ የበዛበት ከሰል፣ ጨዋማ በሆነው የስምጥ ሸለቆ አፈር ላይ ቢበተን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። እዚያ ያለው ችግር ተቃራኒው ነውና።

አዊን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘመድ ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራሉ፤ ከዚያ ሣሩን ያጭዳሉ፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጠው እዚያው ማሳ ላይ ከሰል ያከስላሉ፤ ከሰሉ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ገበያ ይጫናል፤ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። ዲከረንስ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዝ ዛፍ ነው። የከሰል ድቃቂውና አመዱ ደግሞ እዚያው ማሳ ላይ ይቀራል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የከሰል ማክሰያ ቦታዎችን አፈር የመረመሩ ሰዎችም ፒኤቹና ፖታሲየሙ ከአጠገቡ መሬት ከፍ ብሎ አግኝተውታል። የአዊ ገበሬ ባዮቻር የሚለውን ቃል ሳይሰማ፣ ዛፍን፣ እሳትንና ጤፍን በአንድ ዙር አስሮ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን የዝገት በሽታ መታው። አንድ ዛፍ ላይ ብቻ የተደገፈ ኑሮ አንድ በሽታ ይበቃዋል። የእንጦጦ ታሪክም ይህንኑ ሲናገር ነበር፤ አንዱን ዛፍ ጨርሰን በሌላ አንድ ዛፍ መተካት ጊዜ ይገዛል እንጂ ጥያቄውን አይመልስም።

ሽቅብ የሚሄድ ነገር

እንጦጦ ዛሬ ሌላ ዘመን ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። በአንዳንድ የተራራው ክፍሎች ባሕር ዛፉ እየተነሣ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይተከላል። ባሕር ዛፍ በተነሣ ቁጥር ቅርንጫፍና ጭራሮ ይቀራል። የከሰል መሸጫዎች ሥርም በየቀኑ ለምድጃ የማይሆን ድቃቂ ይከማቻል፤ ብዙው ይጠረጋል፣ ይጣላል። ለመቶ ዓመት ቁልቁል ከወረደው ጥቂቱን እንኳ ሽቅብ ለመመለስ መነሻው በእጃችን አለ። ድቃቂውን ከማዳበሪያ ኮምፖስት ጋር አዋህዶ ችግኝ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ትልቅ ማሽን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከየትኛው እንጨት እንደመጣ፣ በደንብ መክሰሉንና የጉድጓዱ አፈር ምን እንደጎደለው ማወቅን ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባዮቻር አሁን የዓለም የካርቦን ገበያ ውስጥ ገብቷል። ገበያው የሚከፍለው ለሚቆይ ካርቦን ነው፤ የሚለካውም በውስጡ የቀረው ሃይድሮጅን ምን ያህል እንዳነሰ ነው። ይህ ማለት በከፍተኛ ሙቀት የከሰለ እንጨት ተመራጭ ነው ማለት ነው። ማሳው የደከመበት ገበሬ የሚፈልገው ግን ፖታሲየም፣ ፎስፈረስ፣ የአሲድ ማርከሻ ነው፤ ይህ ደግሞ ከገለፈት፣ ከኩበትና ከአጥንት፣ አንዳንዴም በዝቅተኛ እሳት የሚገኝ ነው። ለሰማይ የሚበጀው ከሰልና ለማሳው የሚበጀው ከሰል ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። ካልጠየቅን፣ ገንዘብ ያለው ወገን የፈለገው ከሰል ነው የሚሠራው። ዛፉ፣ ጭራሮውና ገለባው ደግሞ እንደገና ከድሃው ደጃፍ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ባለፈው ጊዜ በጀርባ፣ በዚህኛው በውል።

እንዲህ ያለ ፕሮጀክት የእንጦጦ ግርጌ ሲደርስ በስብሰባው ላይ ማን መቀመጥ እንዳለበት አውቃለሁ። የትኛው ቅጠል ከየትኛው ጥግ እንደሚለቀም የሚያውቁት እንጨት ለቃሚ ሴቶች። በጭሱ ቀለም ሙቀት የሚለኩት ከሰል አክሳዮች። በድምፅ ጥሬውን ከበሰለው የሚለዩት ከሰል ሻጭ እናት። ደመወዝም ይከፈላቸው፤ ለቡና አበል ማለቴ አይደለም። ባለሙያው ላብራቶሪውን ይዞ ይምጣ፤ ፒኤቹን ይለካ፣ አመዱን ይመዝን። እነርሱ ደግሞ ማዳበሪያው ተከፍቶ እጃቸውን ወደ ሥር ከመስደዳቸው በፊት ሁለቱን ጥያቄ ይጠይቁታል፦ የምን እንጨት ነው? የስንት እሳት ነው?